ዝናብ የሚባል ገንዘብ

ካርታውን ዘርጋልኝ፣ ጠረጴዛው ይጽዳ፤
አንዱን ጥግ ጨው ይጫን፣ አንዱን መዝገበ ዕዳ።
ሞሎኪ፣ መነጽሩን ከግንባርህ አውርድ፤
ጣትህ ብቻ አይሂድ ባላየኸው መንገድ።

ያ የብስኩት ቆርቆሮ ይኸው ከአልጋው ሥር፤
ሦስት ዓመት ሞላው ሳንቲም ሲቋጠር።
በኛ አገር ለገንዘብ የወጣለት ስሙ
ፑላ ነው፤ በቋንቋችን ዝናብ ነው ትርጉሙ።
ሰማይ ሲነፍገን ቆርቆሮ አቆረልን፤
ዛሬ ገልብጠን ብንቆጥረው ግን
ዶፍ አይደለም። ካፊያ ነው።
ቢሆንም እርጥብ ነው።

አንተ ቾቤ ትላለህ፤ ሲመሽ በወንዙ ዳር
ዝሆን በመንጋ ወርዶ ውሃውን ሲሻገር፣
ግልገሏ ተሰውራ ከእናቷ ሆድ በታች፣
ኩምቢዋን ለትንፋሽ ሽቅብ እንደ ዘረጋች።

እኔ ዝሆን አውቃለሁ።
ያባቴን ማሽላ ባንድ ሌሊት የበላ፣
አጥራችንን እንደ ክር በጥሶ የሄደ ወደ ሌላ።
ጣሳ እየደበደብን፣ በርበሬ እያጨስን አደርን፤
ሲነጋ የቀረልንን አገዳ በጣት ቆጠርን።
ታዲያ እሱን ለማየት እኔ ልክፈል? እሱ ይክፈለኝ!
ሦስት ኩንታል ዕዳ አለበት፣ ይቅርታ እንኳ አላለኝ።

ሳቅክ። ሳቅ። እኔ ግን አልረሳሁም።

የኔ ልብ እዚህ ነው፣ ካርታው ነጭ በሆነበት፤
ማክጋዲክጋዲ፣ ጨው ብቻ ባለበት።
«ምን አለ እዛ?» አልከኝ።
«ምንም።»
«ምንም ለማየት ነው ይኼ ሁሉ ነዳጅ?»
ጎራታ ከጓዳ ጮኸች፣ የነገር አማላጅ፦
«አያቴ፣ ከዘነበ ፍላሚንጎ ይሰፍራል፤
ነጩ ሜዳ በሙሉ ሮዝ ሆኖ ያድራል!»

ለፍላሚንጎ አይደለም። ላንተ ነው።
ሠላሳ አንድ ዓመት ጎህ ሳይቀድ ጉድጓድ ወርደህ፣
በግንባርህ መብራት ጨለማውን ቀደህ፣
መዳብ ለሰው አወጣህ፤ ሳል ላንተ ተረፈ፤
የእጅ ሰዓት ሸለሙህ፤ ጉድጓዱም አረፈ።
ዛሬም በገዛ ቤትህ፣ በሰፊው በር ስትገባ
አንገትህን ትደፋለህ፣ እንደ ሰረቀ ሌባ።
እኔ የምፈልገው ጎንበስ የማይሉበት፣
ጣሪያም፣ ግድግዳም፣ ቅርንጫፍም የሌለበት፣
ዓይን ሄዶ ሄዶ ደክሞት የሚያርፍበት ቦታ ነው።
አንበሳህን ለሌላ ጊዜ አቆየው።

ጾዲሎን ግን አክብበው። ሩቅ ነው፤ አትሰርዘው።
ዓለቱ ላይ ቀጭኔ በቀይ ተስሏል ይባላል፤
ከኮረብታው ግርጌ ዛሬም ሰው ይኖራል።
ጎራታ፣ ነይ ስሚኝ። ካሜራሽ ከቦርሳ አይውጣ።
መጀመሪያ ሰላም በይ፤ ተቀመጪ ሲሉሽ ተቀመጪ፤
ዝናቡ እንዴት ነው፣ ከብቱ እንዴት ነው በይ።
ሰው ለማየት አይኬድም፤
ሰው ለመጠየቅ ነው የሚኬድ።

አሁን ሒሳቡ።
ሎጁን ሰርዝ። ትንሿን አውሮፕላን ሰርዝ።
ድንኳኑን ከጎረቤት እንዋስ፤ ዚፑ ተበላሽቷል፣ መርፌ ያዝ።
ቶዮታው የእህትህ ልጅ፣ ነዳጁ የኛ ይሁን፤
ትርፍ ጎማው መላጣ ነው፤ መንገዱ ይማረን።
አንድ ሌሊት ለቾቤ። አዎ፣ አንድ።
ለባለዕዳዬ ከዚህ በላይ ጊዜ የለኝም።
ሁለት ሌሊት ለጨዉ።

ያኔ ክርኔ ዕቃውን ነካውና ጨው ፈሰሰ፤
ከካርታው ነጭ ተነስቶ መዝገቡ ጋ ደረሰ።
ልጠርገው ስል እጄን ያዝክ።
በጣትህ መስመር ሳብክበት፣
ቀጥ ያለ፣ ማንም ያልሄደበት።
መጨረሻው ላይ ቆምክና በመስኮቱ አሻግረህ አየህ፣
አንገትህን ቀና አድርገህ።

እኔ ምንም አላልኩም።
«ጎማውን ግን» አልክ፣ «ነገ እንለውጠዋለን።»